ለአንድ ስልክ ብዬ የወጣሁት ተራራ

ይታገሱ እባላለሁ። የመርሳ ልጅ ነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውኩት፤ እና እዚህ ላይ ቃል ቢጎድለኝ ወይም ቢበዛብኝ እለፉኝ። ለነገሩ ከመጻፉ ይልቅ መናገሩ ነው ሁልጊዜ የሚከብደኝ። ሰው ከተሰበሰበ ላብ ያጠምቀኛል። መንገድ ላይ ሰላም ልል ስል እንኳ መጀመሪያ በሆዴ እለማመደዋለሁ፤ ተለማምጄ ስጨርስ ሰውዬው አልፎ ሄዷል።

ሥራዬ የከባድ መኪና ረዳትነት ነው። ጎማ እፈታለሁ፣ ሸራ እወጥራለሁ፣ መኪና እጠብቃለሁ። ሾፌሬ ሽፈራው የወልድያ ሰው ነው፤ ለሁለታችንም የሚያወራው እሱ ነው። ከሐራ ተነስተን ሚሌን አልፈን ጅቡቲ እስክንደርስ እሱ ሲያወራ እኔ «እህ» እላለሁ። ተስማምተን ነው የኖርነው።

ቃልኪዳንን ያወቅኋት ውርጌሳ ነው። መንገድ ዳር ፓፓያ ትሸጣለች። ባለፍን ቁጥር ሽፈራውን «ፓፓያ አማረኝ» ብዬ አስቆመዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ፓፓያ ደግሞ አልወድም።

አንድ ቀን ፓፓያውን እየቆረጠች፣

«አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ፓፓያ ትበላዋለህ ወይስ ታገባዋለህ?» አለችኝ።

ጆሮዬ ጋለ። «እበላዋለሁ» አልኩ።

«ሽማግሌ ብትልክ ይሻልህ ነበር።»

ሽፈራው ጋቢና ውስጥ ሆኖ ሲስቅ መኪናው ተነቃነቀ።

እንዲህ ሆኖ ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጎረቤታችን ሐጂ ኢሕሳን ነበሩ። እናቴ አበበች «እሳቸው ከለመኑ እንኳን ሰው ድንጋይም እሺ ይላል» ብላ ነው የመረጠቻቸው። ሐጂ ከሁለት ሰዎች ጋር ሄዱ። የልጅቱ አባት አቶ ወልዴ ገበሬ ናቸው፤ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው ይባላል። ሐጂ ተመልሰው የነገሩኝ እንዲህ ብለው ነው።

«ሰውዬው አንተን አልጠሉህም። ነገር ግን ‹ልጁ ሁለት ዓመት በደጄ ሲያልፍ አንድ ቀን እንደምን ዋላችሁ አላለኝም። ወይ ንቆኛል ወይ የደበቀው ነገር አለ። ድምፁን ሳልሰማ ልጅ አልሰጥም› አሉ።»

«ታዲያ እኔ ልሂድ?» አልኩ።

«ወግድ! ሽማግሌ በቆመበት ቤት ባለጉዳዩ ይገባል እንዴ? ነውር ነው። በስልክ ይሁን ብዬ አስማምቻቸዋለሁ። የፊታችን እሁድ ረፋድ ላይ እንሄዳለን፣ አንተ ትደውላለህ። ከወልድያም ሌላ ሰው ሽማግሌ ልኮ በማግስቱ ቀጠሮ ይዟል። ካልደወልክ እኛም በዚያው ቀረን፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ገባህ?»

ገባኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ተቀመጡ ቢባልም አይቀመጥም። መልስ እስኪያገኝ ቆሞ ነው የሚለምነው። የሐጂ ጉልበት ደግሞ ጤና የለውም። እኔ አፌን እስክከፍት እኒህ ሽማግሌ ቆመው ሊጠብቁኝ ነው ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ጨው ከሚጫንበት ሐይቅ አጠገብ ወረፋ ያዝን። አገሩ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው፤ ልክ ትልቅ እሳት ነዶበት አመዱን ነፋስ የወሰደው ይመስላል። ስልኬን ሳወጣ ኔትወርክ የለም። የሽፈራውም የጅቡቲ ሲም ምንም አያሳይም። መኪናውን ከሰልፉ ብናወጣው ወረፋችን ይሄዳል።

ከፊታችን የቆመ አንድ ሾፌር ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቀስሮ፣ «ያ ተራራ ይታይሃል? አናቱ ላይ ይሠራል። ከባሕሩ ማዶ ካለው ማማ ነው የሚስበው» አለኝ።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሽፈራው የራሱን ስልክ ሰጠኝ። ከዚያ ትከሻዬን አየና፣

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ጋቢ።»

«ጋቢ! ሠርጉ ዛሬ ነው እንዴ?»

«ላይ ይበርዳል ብዬ ነው።»

«እሱስ ተራራ ነው፤ ልክ ነህ። ውኃስ?»

«ላይ አላጣም፤ ምንጭ ይኖራል። ካልሆነም ከሰው ቤት እጠጣለሁ።»

«እንደሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ካገኘህ ለእኔም ተሳለምልኝ» አለና ተመልሶ ተኛ።

አሁን ሳስበው ሁለታችንም ያው ነን። እኛ አገር ተራራ ማለት በወጣህ ቁጥር የሚቀዘቅዝ፣ ቆላው ሲያቃጥልህ የምትሸሽበት፣ ላዩ ላይ ገብስ የሚዘራበት፣ ዛፍ መሐል ቤተ ክርስቲያን የተሠራበት፣ ውሻ የሚጮህበት፣ «ከየት መጣህ? ግባ፣ ውኃ ጠጣ» የሚልህ ሰው ያለበት ነው። ሰው የሌለበት ተራራ ወጥተን አናውቅም። ታች ነው በረሃ፤ ላይ ደጋ ነው። ሌላ ዓይነት ተራራ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

ለገና ጾም እናቴ የቆላችልኝን ቆሎ በኪሴ አድርጌ መውጣት ጀመርኩ። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር እንደ ሸክላ ስብርባሪ ይጮሃል። መንገድ የለም፤ ፍየሎች ያለፉበት የሚመስል ቀጭን ጭረት ብቻ። እየወጣሁ ለአቶ ወልዴ የምለውን እለማመዳለሁ። «ቃልኪዳንን አክብሬ ልይዛት ቃል እገባለሁ። መንገደኛ ብሆንም ቤቴን አልረሳም።» ሽፈራው ነው ያስጠናኝ። ደጋግሜ ስለው ጥሩ ይመጣልኝ ጀመር። ሰው አጠገቤ ስለሌለ ይሆናል።

ፀሐይ ወጣች። የመጀመሪያውን ጉብታ ስጨርስ ይቀዘቅዛል ብዬ ጠበቅሁ። ባሰበት። ሁለተኛውን ወጣሁ፤ ይብስ ጋለ። ምላሴ ቆሎውን ማራስ አቃተው፤ ተፋሁት። አንድ የግራር ቁጥቋጦ ሥር ሁለት ሚዳቋዎች ቆመው አገኘሁ። እግራቸው እንደ ስንደዶ የቀጠነ፣ ጆሮአቸው ብርሃን የሚያሳልፍ። ምን እንደሚበሉ እንጃ፤ ቅጠል የሚባል አላየሁም። አልሸሹም። ምናልባት እንደ እኔ ጋቢ የተሸከመ ሰው አይተው ስለማያውቁ ይሆናል። አንዷ አፍንጫዋን እያነቃነቀች አየችኝ፤ ከዚያ ሁለቱም አንድ ጊዜ ብቻ ዘለው ድንጋዩ ውስጥ ጠፉ።

ዛፍ ፈለግሁ፣ የለም። ጭስ ፈለግሁ፣ የለም። ውሻ ይጮህ እንደሆነ ቆሜ አዳመጥኩ። የገዛ ልቤን ብቻ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ እዚህ ተራራ ላይ ሰው የለም። ምንጭም የለም። እኔ አለሁ፣ ጋቢዬ አለ።

ጋቢውን በራሴ ላይ አጥልቄ ጥላ አደረግሁትና ተቀመጥኩ። ልመለስ አልኩ። መመለሱ ይሻል ነበር። ሐጂ ኢሕሳን ግን በዚህ ሰዓት ነጭ ቆባቸውን አድርገው ከመርሳ ሚኒባስ እየተሳፈሩ ነው። ተነሳሁ። ያችን ጫፍ ብቻ ልያት ብዬ በእጄም በእግሬም ቧጥጬ ወጣሁ።

እና ባሕሩን አየሁት።

እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። ወደብ ላይ በመርከብና በግንብ መሐል ከማየው ጋር አይመሳሰልም፤ መጀመሪያ ባሕር መሆኑን አላወቅሁም። ሰማዩ ወደ ታች የወረደ መሰለኝ። እኛ አገር ቁልቁል ስታይ ማሳ ታያለህ፣ ወንዝ ታያለህ፣ መንገድ ታያለህ፣ ከዚያ ማዶ ሌላ ተራራ አለ። ዓይንህ የሚያርፍበት አለው። ይህ ግን ማረፊያ የለውም። ተራራው ከእግሬ ሥር እንደ ግድግዳ ተቆርጧል፤ ከሥሩ ውኃው ይጀምራል። ዳር ዳሩ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፣ የታችኛው ድንጋይ ይታያል። ቀጥሎ ሰማያዊ። ቀጥሎ ስም የማላውቅለት ቀለም፣ ወደ ጥቁር የሚሄድ። በግራ በኩል ሌሎች ተራሮች ውኃው ውስጥ እግራቸውን ነክረው ተቀምጠዋል። በቀኝ በኩል ውኃው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ሲያበቃ አላየሁትም። ከሩቅ አንድ መርከብ አለ፤ የማይንቀሳቀስ የጤፍ ፍሬ ያህል።

ድምፅ የለውም። ያን ያህል ነገር እንዴት ድምፅ አይኖረውም?

ሰው ባይኖርም ጫማዬን አወለቅሁ። ለምን እንዳወለቅሁ አትጠይቁኝ፤ ከእነ ጫማዬ መቆም ነውር መሰለኝ። አማተብኩና ቆምኩ። እኔ መርሳ ጎማ ስፈታ፣ ቃልኪዳን ፓፓያ ስትቆርጥ፣ አባቴ ከመወለዱ በፊት፣ ይህ ነገር ዝም ብሎ እዚህ ነበር። ማንም አያየውም፣ እሱ ግን አለ።

ስልኩን ሳየው አሁንም ኔትወርክ የለም። ዋናው አናት ገና ከፊቴ ነው።

ከዚያ ነው ዝንጀሮዎቹን ያየሁት። ከገደሉ ጫፍ ላይ ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ትልልቆቹ ወንዶች ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ግራጫ ነጭ ጠጉር ለብሰዋል። በእውነት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ነው የሚመስሉት። ሁሉም ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ማንም አልጮኸም። ላቤ መጣ፤ ልክ ሰው ፊት እንደምሆነው። ትልቁ ቅንድቡን ከፍ ዝቅ አድርጎ ገላመጠኝና ተነስቶ በቀስታ ሄደ። ሌሎቹ ተከተሉት። ከአንድ ዐለት ሥር እያጎነበሱ፣ እየተነሱ፣ አገጫቸው እየተንጠባጠበ ወጡ።

ውኃ ነው! የዝናብ ውኃ ዐለቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ጨርሰው እስኪሄዱ ጠበቅኋቸው፤ ተራዬ አልነበረማ። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ የጋቢዬን ጫፍ ውኃው ላይ ዘርግቼ በጨርቁ መጠጥሁ። የዝንጀሮ ይሸታል። እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር ግን የለም።

አናቱ ላይ ስደርስ ስልኩ አንድ ጊዜ ጮኸ። ኔትወርክ! ፀሐይዋ ረፋዱን አልፋለች። ከገደሉ ጫፍ አጠገብ ተቀመጥኩና ደወልኩ።

«ሃሎ! አንተ ልጅ!» አሉ ሐጂ ኢሕሳን በሹክሹክታ። «የት ጠፋህ? ቆመን ደረቅን እኮ! ጉልበቴ ሊለቀኝ ነው፣ ያ አላህ! ልንወጣ ነበር። በል ሁሉም እንዲሰማህ ላውድ ላይ አደርገዋለሁ፣ ተናገር።»

ኮሽታ ሰማሁ። ቤት ሙሉ ሰው እንዳለ ከትንፋሹ ያስታውቃል። ከዚያ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«ይታገሱ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እሺ። እየሰማሁህ ነው።»

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይገባል። ላቤ በጆሮዬ ላይ ወረደ።

«አላልኳችሁም ሐጂ?» አሉ አቶ ወልዴ። «አፍ የለውም።»

«ኧረ አለው! ትንሽ ይታገሱት፣ ስሙም ይታገሱ ነው» አሉ ሐጂ። ሰው ሳቀ። እንባዬ መጣ። አንገቴን ደፋሁ፤ እና ቁልቁል አየሁ።

ከገደሉ ሥር፣ ነጣ ያለው ውኃ ከሰማያዊው ጋር በሚገናኝበት፣ አንድ ጥላ ይንቀሳቀሳል። የደመና ጥላ ነው አልኩ። ሰማዩ ላይ ደመና የለም።

«ወይኔ እናቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ወልዴ።

«ዓሣ! ዓሣ ነው አባቴ! ዓሣ ነው መሰለኝ… ከመርሳ ወልድያ የሚሠራውን ሚኒባስ ያህላል። ጅራቱን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ያደርጋል። አይቸኩልም። ወይ አምላኬ፣ ሌላም አለ፤ ከኋላው ሌላ! ሦስት ናቸው!»

«የት ሆነህ ነው?»

«ተራራ ላይ ነኝ አባቴ። ከታች ስልክ አይሠራም፤ ለእርስዎ ልደውል ነው የወጣሁት። ከእግሬ ሥር ባሕር ነው። ምን ልበልዎት… ከውርጌሳ ወደ ቆላው ቁልቁል ሲያዩ የሚታየው ሜዳ አለ አይደል? ያ ሁሉ፣ ሌላ ያን የሚያህል ቢቀጠልበት፣ ሌላም ቢቀጠልበት፣ ሁሉም ውኃ ቢሆን… እሱም አይደርስበት።»

«ውኃው ይጠጣል?»

«አይጠጣም፤ ጨው ነው።»

«ያ ሁሉ?»

«ያ ሁሉ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ከልቤ አሰብኩት።

«እንጃ አባቴ። ምንም አይሠራም መሰለኝ። ዝም ብሎ ነው ያለው። እኔም ምን ይሠራል ብዬ አላሰብኩም። ጫማዬን ነው ያወለቅሁት።»

ከዚያ የሴት ድምፅ ገባ፤ የቃልኪዳን እናት ወይዘሮ ታደለች መሆናቸውን በኋላ ነው የነገሩኝ።

«ልጄ፣ ብቻህን ነህ? ሰው የለም?»

«ከዝንጀሮ በቀር የለም እማማ።»

«ውኃስ ጠጣህ?»

«ዝንጀሮዎቹ ሲጨርሱ ጠጣሁ። ተራራ ነው ብዬ ጋቢ እንጂ ውኃ አልያዝኩም ነበር።»

እንደገና ሳቁ፤ አሁን ግን አቶ ወልዴም አብረው ሲስቁ ሰማሁ። «ጋቢ!» አሉ፤ «ወደዚያ ምድጃ ጋቢ ተሸክሞ ወጣ! የእኛ ልጅ ነው እንግዲህ።» ከዚያ ድምፃቸው ከበድ አለ።

«በል ስማኝ። ይህን ሁሉ መናገር የምትችል ከሆነ፣ ሁለት ዓመት በደጄ ስታልፍ ለምን ዝም አልክ?»

«ስለምፈራ ነው አባቴ።»

«እኔን?»

«እርስዎንም፣ ሰውንም። ልጅዎንም እፈራታለሁ። ፓፓያ አልወድም፤ ግን ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው የምገዛው።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አመለጠው። የማን ሳቅ እንደሆነ አወቅሁ። ሽማግሌ የሚናገርበት ክፍል ውስጥ መሆን አልነበረባትም፤ በር ላይ ቆማ ነበር ለካ።

«አሁንስ ትፈራለህ?» አሉ አቶ ወልዴ።

ዓሣዎቹን አየሁ። ከሦስቱ አንዱ ወደ ጥልቁ ዞሮ ቀለሙ ከውኃው ጋር አንድ እየሆነ ነው።

«አሁንም እፈራለሁ» አልኩ። «የደበቅሁት ነገር ግን የለም።»

ስልኩን ከነፋሱ በጋቢዬ ከለልኩት።

«ሐጂ፣ ተቀመጡ» አሉ አቶ ወልዴ። «ሁላችሁም ተቀመጡ። ልጁን ሰምቻለሁ። ለወልድያዎቹ መልስ እሰጣለሁ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ይሁን።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ፤ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሴቶች እልል ሲሉ፣ ከእልልታው መሐል ቃልኪዳን ወደ ስልኩ ተጠግታ፣ «ስማ፣ ጋቢህን እዚያ ጥለህ እንዳትመጣ!» ስትል መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ ሄዷል።

ወዲያው መውረድ ነበረብኝ። አልወረድኩም። የቀሩት ሁለት ዓሣዎች ዳር ዳሩን ይዘው በዝግታ ሲሄዱ አየኋቸው። ወፎች፣ ንስር ይመስሉኛል፣ ከውኃው በላይ ከእኔ ግን በታች ይዞራሉ፤ የወፍ ጀርባ አይቼ አላውቅም ነበር። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ስትወድቅ ብርሃኑ ተሰባብሮ እስከማላየው ድረስ ተዘረጋ። ልቤ ውስጥ የገባው ደስታና ያ ባሕር ተቀላቅለውብኝ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት አልቻልኩም። ለእኔ ዓይነት ሰው ይህ ሁሉ በአንድ ቀን በዛ። ማንን እንደማመሰግን አውቃለሁ፤ ግን ቃሉ አልመጣልኝም። እንዲሁ ተቀመጥኩ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከተራራው ጀርባ፣ ከሩቅ፣ የመኪና ክላክስ ሰማሁ። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ሽፈራው ነው። ወረፋችን ደርሷል።

ተነሳሁና እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣

«መጣሁ!» ብዬ ጮህኩ።

እሱ እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ገደሉ ግን ድምፄን ተቀብሎ ወሰደውና መለሰው፤ ዝንጀሮዎቹ ከታች ሆነው በአንድ አፍ ጮሁ። አፈርኩ። ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ወዲያ ወዲህ አየሁ።

ማንም የለም። ደገምኩት።